ከሞተር ሳይክል ፊት ‹‹ገጭ›› ሲል፦ ድምፁ ከየት ይመጣል?

ሞተር ሳይክል ነድቶ የሚያድር ሰው ጆሮው ከማሽኑ ጋር ተላምዷል። የሞተሩን፣ የሰንሰለቱንና የጎማውን ድምፅ ልብ ሳይል ይሰማዋል፤ ከመካከላቸው አዲስ ነገር ሲቀላቀል ግን ወዲያው ያውቃል። አንድ ቀን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገር ከፊት ጎማው አካባቢ ‹‹ገጭ›› የሚል ድምፅ ይሰማል። በማግስቱ የትራፊክ መብራት ጋ ፍሬን ሲይዝ ይደገማል። ሳምንት ሳይሞላ ድምፁ በየመንገዱ አብሮት የሚጓዝ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስህተቶች አንዱ ይፈጸማል። የመጀመሪያው ሞተሩን ጋራዥ ወስዶ ‹‹የፊት አሞርዛተሩ ይጮኻል›› ማለት ነው። መካኒኩ እንደተነገረው አሞርዛተሩን ፈትቶ ጎሚኒዎቹን ይቀይራል፣ ዘይቱን ይሞላል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ሞተሩ ከጋራዡ ወጥቶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲያገኝ ድምፁ እንደነበረ ነው። ሁለተኛው ስህተት ‹‹እስከ ዛሬ የሄደ ሞተር ነገም ይሄዳል›› ብሎ መተው ነው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራትም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ምግብና ዕቃ በሞተር ሳይክል እያመላለሰ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ስህተት የቀናት ገቢ ያሳጣዋል። ሁለተኛው ከዚህ ሊከፋ ይችላል። ከፊት ጎማ አካባቢ ከሚሰሙት ድምፆች ብዙዎቹ ከማሰልቸት ያለፈ ጉዳት ባይኖራቸውም፣ ጥቂቶቹ መሪውን ወይም ፍሬኑን የሚነኩ ናቸው። ችግሩ ሁለቱ ወገኖች በጆሮ ሲሰሙ መመሳሰላቸው ነው።

ጆሮ ለምን ይሳሳታል?

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በብረት ውስጥ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ይበልጣል፤ በጉዞውም ብዙ አይደክምም። በጎማው ዘንግ አጠገብ የላላ አንድ ብሎን የሚፈጥረው መንኳኳት በአሞርዛተሩ እግር ሽቅብ ወጥቶ፣ በመሪው አልፎ፣ እስከ አሽከርካሪው መዳፍ ይደርሳል። የነዳጅ ታንኩና ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖቹ እንደ ከበሮ ያጎሉታል። ሄልሜቱ ደግሞ ቀጫጭን ድምፆችን ይውጣል፤ ሁለቱ ጆሮዎች አቅጣጫን ለመለየት የሚጠቀሙበትን ልዩነትም ያደበዝዛል። ስለዚህ ‹‹ከግራው እግር ነው የሚመጣው›› ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል።

በዚያ ላይ ፊት ለፊት የተሰበሰበው ዕቃ ብዙ ነው። አሞርዛተሩ፣ ፍሬኑ፣ የመሪው ኩሽኔታ፣ የጎማው ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎው፣ የፊት መብራቱ ማቀፊያ፣ ካቦዎቹና ገመዶቹ በሙሉ በጥቂት ብሎኖች አንድ ላይ ታስረዋል። የአንዱ ድምፅ የሌላው ይመስላል። ምርመራው መጀመር ያለበትም ‹‹ድምፁ መቼ ይሰማል?›› ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ቦታው ከዚያ በኋላ ይገኛል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው? በትንንሽ ጉብታዎች ላይ ነው? ጥልቅ ጉድጓድ ሲገባ ነው ወይስ ከጉብታ ሲወርድ? መሪው ቆሞ ሳለ ሲዞርስ ይሰማል? የእያንዳንዱ መልስ ተጠርጣሪዎቹን በግማሽ ይቀንሳል።

በሁለት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ሥራ

አንዳንዶች አሞርዛተር፣ ሌሎች ሾክ የሚሉት የፊት ክፍል በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሁለት እግሮች አሉት። እያንዳንዱ እግር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ቱቦ ነው። በተለመዱት ሞተሮች ላይ ውስጠኛው በክሮም የተለበጠ ብረት፣ ውጨኛው አሉሚኒየም ነው። በውስጣቸው ረጅም ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን መንጠር ይገታል። ዘይቱ ባይኖር ሞተሩ አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ እንደ ኳስ ሲነጥር ይቆይ ነበር። በዘይት የሚገታ የዚህ ዓይነት አሞርዛተር ለገበያ በቀረበ ሞተር ሳይክል ላይ ቀድሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ባወጣው አር 12 ላይ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች የሚታዩት የህንድ ሥሪት አነስተኛ ሞተሮች የፊት አሞርዛተርም በመሠረቱ በዚያው መርሕ ይሠራል።

ቱቦዎቹ በቀጥታ እንዳይፋጩ ቡሺንግ የሚባሉ ስስ ቀለበቶች በመካከላቸው ይገባሉ። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው በውጨኛው ቱቦ አፍ ላይ የተቀመጠ ጎሚኒ ነው፤ ከእርሱ በላይ አቧራ የሚከለክል ሌላ ጎሚኒ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ፍጹም ጸጥ አይልም። የሞተሩ ፊት በእጅ ተጭኖ ሲለቀቅ የሚሰማው ቀጭን ‹‹ፍሽሽ›› ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ የሚያሰማው ነው፤ የጤና ድምፅ ነው። ውሃ በጀሪካን ውስጥ ሲናጥ የሚመስል መንቦጫረቅ ከሆነ ግን ዘይቱ ጎድሎ ከአየር ጋር መደባለቁን ሊጠቁም ይችላል።

በኮብልስቶን ላይ ‹‹ቀጭ ቀጭ››

እንደ አዲስ አበባ የሰፈር ውስጥ መንገዶች ባለ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያለማቋረጥ የሚንቀጫቀጭ፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን የሚጠፋ ድምፅ አሞርዛተሩን በከንቱ ከሚያስወነጅሉት ቀዳሚው ነው። መመርመሪያው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አሽከርካሪው መኪና በሌለበት መንገድ በዝግታ እየሄደ፣ ሸራው ዲስኩን እስኪነካ ያህል ብቻ የፊት ፍሬኑን እጀታ በጣቱ ይስባል። ድምፁ በዚያው ቅጽበት ጸጥ ካለ፣ ምንጩ በካሊፐሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ነው ማለት ይቻላል።

ሸራው በካሊፐሩ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። እንዳይንኳኳ የሚይዘው አንድ ስስ የብረት ቅጠል ነው። ሸራ ሲቀየር ይህ ቅጠል ተጣሞ ወይም ጨርሶ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሸራ በተቀየረ ሰሞን የጀመረ ድምፅ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው ነው። ቅጠሉ ከመታየቱ በፊት ግን ካሊፐሩን ከእግሩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች መጥበቃቸው መረጋገጥ አለበት። የላላ ቅጠል ይረብሻል፤ የላላ የካሊፐር ብሎን ግን ሰው ይጥላል።

ፍሬኑ ሲነካ ድምፁ ካልተለወጠ ተራው የጥቃቅኑ ነገር ነው። ታርጋ፣ ፓራፋንጎ፣ የመብራት ማቀፊያ፣ ከብረት ጋር የሚጋጭ ካቦ። ሞተሩ ቆሞ እያለ እያንዳንዱን በጡጫ መታ መታ ማድረግ፣ የተጠረጠረውን በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱን ደግሞ መሄድ ያዋጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በመለወጥ ላይ ነው። ተናዶ ሁሉንም ብሎን በአንድ ቀን የሚያጠብቅ ሰው ድምፁን ሊያጠፋ ይችል ይሆናል፤ የትኛው ብሎን እንደነበረ ግን አያውቅም፤ ከአሉሚኒየሙ ጥርስ አንዱን ቆርጦትም ሊሆን ይችላል።

ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ‹‹ገጭ››

ይህኛው ሊናቅ የማይገባው ድምፅ ነው። ፍሬን ሲያዝ በፊት ጎማ ላይ የሚሆነውን ለመረዳት አንድ ስሌት ይረዳል። ሞተሩና አሽከርካሪው በአንድነት 200 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ክብደቱም ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ተከፍሏል እንበል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የሁለቱ ጎማዎች ርቀትም 130 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የመሬት ስበትን 60 በመቶ የሚያህል ጠንካራ ፍሬን 55 ኪሎ ያህል ጭነት ከኋላ ወደ ፊት ያሸጋግራል። 100 ኪሎ ተሸክሞ የነበረው የፊት ጎማ በቅጽበት 155 ኪሎ ይሸከማል። በተመሳሳይ ጊዜ መንገዱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ የሞተሩ አካል ደግሞ ወደ ፊት መሄዱን ይፈልጋል። በመካከላቸው ባለ መገጣጠሚያ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ቢኖር፣ ያ ክፍተት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዘጋል። ‹‹ገጭ›› ያለው ይህ ነው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ብዙ ጊዜ በድጋሚ ይሰማል።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። አሳሳቢው የመሪው አንገት ኩሽኔታ ነው። መሪውና ሁለቱ እግሮች ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኙት በዚህ አንገት ላይና ታች በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ሲሆን፣ እነርሱ ሲላሉ የሞተሩ የፊት ክፍል በሙሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቃነቅ ይጀምራል። ሁለተኛው የተበላ ቡሺንግ ነው። በአንዳንድ አነስተኛ ሞተሮች ላይ የሚቀየር ቡሺንግ ጨርሶ ስለሌለ አሉሚኒየሙ ራሱ ይበላል። ሦስተኛው ዲስኩ ነው። በብዙ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ዲስኩ ሲግል እንደ ልብ እንዲለጠጥ ተብሎ ከሁለት ክፍል የተሠራና በጥቂቱ ልል የሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ትንሽ ‹‹ጠቅ›› ቢል እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

ጆሮ የማይለያቸውን እነዚህን ሦስቱን ጣት ይለያቸዋል። ሞተሩ ጠፍቶ በደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። አንድ ሰው የፊት ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዘውዛል። ሌላው የጣቱን ጫፍ ከመሪው አንገት ሥር፣ እግሮቹን የሚያስረው የታችኛው ማቀፊያና የሞተሩ አካል በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ወደ ውስጥ ሳያስገባ ከውጭ ያሳርፋል። ሁለቱ ብረቶች ሲላቀቁና ሲገናኙ ከተሰማው ኩሽኔታው ላልቷል። እዚያ ምንም ካልተሰማ ጣቱ ወደ ታች ወርዶ ውስጠኛው ቱቦ ወደ ውጨኛው በሚገባበት አፍ ላይ ይቀመጣል። እዚህ የሚሰማ መወዛወዝ ወደ ቡሺንጉ ያመለክታል፤ ጥቂት መወዛወዝ በአዲስ ሞተር ላይም ሊኖር ይችላልና የሁለቱን እግሮች ስሜት ማነጻጸር ይጠቅማል። በመጨረሻ ዲስኩና ካሊፐሩ በየተራ ይዳሰሳሉ።

የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ ሞተሩም እንዳይወድቅ በሚገባ ተደግፎ፣ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት በዝግታ ሲዞር ደግሞ ሌላ ምሥጢር ይወጣል። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ስርጉድ ውስጥ የገባ ያህል ያዝ የሚያደርግ መሪ፣ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ በመሄድ ስለሚያሳልፍ፣ የመንገዱ ዱላ የኩሽኔታውን ኳሶች ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ያሳርፋቸዋል። ግራሶው ከሥራቸው ተገፍቶ ይወጣል፤ ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት ቀለበት ላይም ጥቃቅን ስርጉዶች ይፈጠራሉ። እንዲህ የሆነውን ኩሽኔታ ማጥበቅ አያድነውም፤ መቀየር አለበት።

ያልተጎዳውን ግን በልኩ ማጥበቅ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ‹‹በልኩ›› የሚለው ቃል ክብደት አለው። ከመጠን በላይ የጠበቀ መሪ ድምፁን ፈጽሞ ያጠፋል፤ ሞተሩ ግን ራሱን ማቃናት ይሳነውና በዝግታ ሲሄድ ከጎን ወደ ጎን ይዋልላል። ድምፁ መጥፋቱን ብቻ ያየ አሽከርካሪ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

ከጉድጓድ ሲገባና ከጉብታ ሲወርድ

ጥልቅ ጉድጓድ ሲገባ የሚሰማ ከባድ ‹‹ድው›› ብዙ ጊዜ አሞርዛተሩ የመጨረሻ ወሰኑ ላይ መድረሱን ይናገራል። ለማረጋገጥ ገመድ የሚታሰርበት ዓይነት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በውስጠኛው ቱቦ ላይ፣ ከአቧራ ጎሚኒው ጋር አስጠግቶ ማሰር በቂ ነው። አሞርዛተሩ ሲታመቅ ማሰሪያውን ሽቅብ እየገፋ የደረሰበት ላይ ይተወዋል። የተለመደ የከተማ መንገድ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ካደረሰው ሞላው ደክሟል፣ ዘይቱ ጎድሏል፣ አለዚያም ጭነቱ ከዐቅሙ በላይ ነው። ያው ማሰሪያ ሌላም ነገር ይለካል። አሽከርካሪው ሲቀመጥበት አሞርዛተሩ ከሙሉ ጉዞው ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ ያህል ቢሰምጥ ተገቢ ነው፤ ጉዞው 12 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

ከጉብታ ሲወርድ የሚሰማው ‹‹ገጭ›› ግን ተቃራኒው ነው። ጎማው ወደ ታች ሲወረወር አሞርዛተሩ እስከ ጫፉ ይዘረጋል። ጫፉ ላይ የሚቀበለው አንዲት አጭር ሞላ አለች፤ ዘይቱ መዘርጋቱን ካላዘገየላት ግን ብቻዋን አትችለውም። የዚህ ድምፅ መነሻ ብዙውን ጊዜ የጎደለ ወይም ያረጀ ዘይት ነው።

የአሞርዛተር ዘይት ከሞተር ሳይክል ፈሳሾች ሁሉ የተረሳው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሞተሩን ዘይት በየጊዜው የሚቀይር ሰው ይህኛው መኖሩን እንኳ ላያስታውስ ይችላል፤ ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ከአሉሚኒየሙ በተፋቀ ብናኝ ግራጫ ሆኖ፣ ሽታውም ተለውጦ ይገኛል። መጠኑ የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦዎቹ እስከ መጨረሻ ተገፍተው፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር በማየት ነው። በዘይቱና በክዳኑ መካከል የሚታመቀው አየር ራሱ እንደ ሁለተኛ ሞላ ስለሚያገለግል፣ ልኬቱ በግምት የሚሞላ አይደለም።

ውፍረቱም እንዲሁ ነው። ብዙ አምራቾች የሚያዙት በ10 ቁጥር አካባቢ ያለ ዘይት ሲሆን፣ ‹‹ዘይት ዘይት ነው›› ተብሎ ወፍራም የሞተር ዘይት የሚጨመርበት አጋጣሚ አለ። ያን ጊዜ አሞርዛተሩ ትንንሽ ጉብታዎችን ለመቀበል ይዘገያል፤ ምቱ በቀጥታ ወደ መሪው ያልፋል፤ አሽከርካሪውም ሌላ ነገር የተሰበረ ይመስለዋል። የአየሩ ጠባይም ድርሻ አለው። በአውሮፓ የክረምት ጠዋት ወፍሮ ጸጥ ያለው ዘይት በባሕረ ሰላጤው የበጋ ቀትር ይቀጥናል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ካለ ዘይቱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

‹‹ሲጥ›› ሲል እና ዘይት ሲታይ

ቆሞ መሪው ሲዞር የሚሰማ ‹‹ሲጥ ሲጥ›› ባመዛኙ ካቦ ወይም የገመድ ሽፋን ከፕላስቲክ ጋር ሲፋተግ ነው። ፊቱ ተጭኖ ሲለቀቅ ከሆነ የደረቀ የአቧራ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማ ወጥቶ ከገባ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ሁለቱ እግሮች ትይዩነታቸውን አጥተው ቱቦዎቹ እየተናነቁ ሊሆን ስለሚችል፣ መፍትሔው የጎማውን ዘንግ የሚያንቀውን ብሎን አላልቶ፣ ፍሬን ይዞ ፊቱን ደጋግሞ መጫንና እግሩ ቦታውን ሲያገኝ መልሶ ማጥበቅ ነው። በጉብታ የማይቀሰቀስ፣ ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግ ማጓራት የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በሁለት እጅ ወደ ግራና ቀኝ ሲነቃነቅ ልልነቱ ይታወቃል።

ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ችግርም አለ። በውስጠኛው ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጎሚኒው ማፍሰስ ጀምሯል። በባሕረ ሰላጤው አሸዋ፣ በአውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይህን ያፋጥኑታል። አሸዋው በጎሚኒው ከንፈር ሥር ይሸጎጣል፤ ጨው የነካው ክሮም ደግሞ በዝገት ይበሳሳና ከንፈሩን እየላገ ያበላሸዋል። ክሮሙ ጤነኛ ከሆነ የአቧራ ጎሚኒውን ከፍ አድርጎ፣ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ በዘይት ጎሚኒው ሥር አስገብቶ ዙሪያውን በማዞር ቆሻሻውን ማውጣት አንዳንድ ጊዜ ፍሳሹን ያቆመዋል። ክሮሙ ከተበሳሳ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱም ይቆረጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው የሚወርደው ዘይት ማረፊያ ነው። እግሩን ተከትሎ ወደ ካሊፐሩና ወደ ዲስኩ ይደርሳል፤ ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራም በደህና አይይዝም። ሸራው ዘይት ከነካው ዲስኩ ታጥቦ ሸራው እስኪቀየር ድረስ ያን ሞተር መንዳት አይገባም።

ጋራዥ መሄድ የግድ ሲሆን አሽከርካሪው ይዞ ሊሄድ የሚገባው ድምፁ የሚሰማበትን ሁኔታ ነው። ‹‹ፍሬን ስይዝ አንድ ጊዜ ገጭ ይላል፤ ስለቀው ይደግማል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን የለም›› የሚል ደንበኛ ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ሥራ ያቃልልለታል። የመሪው ኩሽኔታ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ አዲሶቹ ቀለበቶች ቦታቸውን ሲይዙ በጥቂቱ ስለሚላሉ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ተመልሶ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።